ማዶና ማዶ

ማማ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ደፋር ነው ያላችሁ ማን ነው? ይሄ ሰውዬ ነፋስ እያወዛወዘው እላይ ተንጠልጥሎ ብሎን ያጠብቃል፤ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት። ቤቱ ገብቶ የሚሰማው ድምፅ ቢኖር ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። የሚስቱ ወንበር ልብስ እየተጣለባት መስቀያ ሆና ቀርታለች።

የልቡን የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ከማዶ ጋር። ሥራቸው የቴሌኮም አንቴና ማስተያየት ነው። እሱ በዚህ ማማ፣ ያኛው ከሸለቆው ባሻገር ባለው ማማ ላይ ይወጡና ሁለቱ ዲሾች ፊት ለፊት እስኪተያዩ ድረስ በስልክ እየተነጋገሩ ያዞራሉ። አንዱ ሲያዞር ሌላው አይነካም፤ መለኪያው ላይ የጨረሩን ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ያነባል። "ትንሽ ወደ ግራ... ትንሽ አልኩህ እንጂ መንደሩን አዙር አልኩህ እንዴ!" ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። የሚጠራሩትም "ማዶ" እየተባባሉ ነው። ቅርንጫፋቸው የተለያየ ስለሆነ በዚህ ሁሉ ዓመት ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ዛሬ ግን የማዶ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ጡረታ ወጣ። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ነውና ከሥራው እንደወረደ ያስረክባል። ሰውዬው ሌላ ቁጥሩን አያውቅም። ራሱ ይደውልልኛል እንዳይል፣ ሥራ ከሌለ ምን ብሎ ይደውላል? "የራስህን ስልክ ስጠኝ" ማለት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ለሱ ይከብደዋላ! ጠዋት ሊጠይቅ ቆርጦ ወጥቶ ነበር፤ እላይ ሲደርስ ወኔው ከዳው።

"እንዴት ነው?" አለ ማዶ።

"ደህና ነው። እዚህ ላይ ልሰረው።"

ደህና አልነበረም። ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ እነሱ "የውሸቱ" የሚሉት ደካማ ጨረር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ይልና ይወርዳል፣ ጀማሪ አገኘሁት ብሎ እዚያው ያስራል፣ ከዚያ በማግሥቱ ተመልሶ መውጣት ነው። ሰውዬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የፈለገውም እሱኑ ነበር። ነገም ሥራ ካለ ማዶ ስልኩን ዛሬ አያስረክብማ!

ማዶ የራሱን መለኪያ አየት አደረገ።

"አንተ ሰውዬ" አለ ለስለስ ብሎ፣ "ይሄ የውሸቱ ነው። አንተ እዚህ ላይ ልትሳሳት?"

"እ... ነፋሱ ነው" አለ ሰውዬው፣ ፊቱ በእፍረት ግሎ።

"ነፋስ! በል አዙር ባክህ።"

አዞረ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደና ተመልሶ ሽቅብ ወጣ፤ ከቅድሙም አለፈ። ዋናው ይሄ ነው። ብሎኖቹን አጠበቃቸው፤ እንደዛሬ ተንቀራፍፎ ሠርቶ አያውቅም።

"በቃ እንግዲህ፣ ማዶ" አለ ያኛው።

"በቃ።"

"ደህና ሁን።"

"አንተም።"

ተዘጋ። ወይ ነዶ! አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ድንገት ወረደ። ክው አለ። የላላ ብሎን ቀርቶ ይሆናል ብሎ ቁልፉን አነሳ። ቁጥሩ ተመለሰ። ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ ተመለሰ። ብሎን እንዲህ አያደርግም፣ ነፋስም አያደርግም። ጨረሩን የሚጋርድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ገባው፤ እጅ ነው። ማዶ በዲሹ ፊት እጁን እያወዛወዘለት ነው።

ከሸለቆው ወዲያ ጭጋግ እንጂ ምንም አይታይም፤ ቢሆንም እሱም መዳፉን በራሱ ዲሽ ፊት ዘርግቶ አወዛወዘ። ደከመውና አወረደው። ቁጥሩ ግን አሁንም ይወርዳል፣ ይወጣል። ያኛው አላቆመም።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ወዲያው ተነሳ።

"ማዶ... የራስህን... የቤትህን ስልክ ስጠኝ።"

"ኡፍ፣ ተመስገን!" አለ ማዶ። "እስክትጠይቀኝ እኮ ክንዴ ዛለ!"