የታደለች ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ከሶዶ ወደ ቢጠና ስሄድ ሚኒባሱ አንድ ጠጠር መፍጫ አጠገብ ቆም አለና የተፈጨ ድንጋይ ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ምላስ ላይ አመድ አመድ የሚል፣ ውሃ ቢጠጡበትም የማይለቅ ሽታ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ እኔ በልጅነቴ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ቤታችን ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ዳሞታ ተራራ ያዞረ ነበር፤ ጓሮው ሁሉ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ጎደሬ። ታላቅ እህቴ ታደለች የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ድምፅ ነበረች፤ ልብስ ስታጥብም፣ ጎደሬ ስትልጥም፣ እኔን ስትቆጣኝም ጭምር ስለምታዜም እማዬ «ይቺ ልጅ ስታነጥስም በዜማ ነው» እያለች ትስቅባት ነበር።

ጠጠር መፍጫ ሊመጣ ነው ሲባል ከሁሉ በላይ የተደሰተው አባዬ ነው። መንገድ ይሠራል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል እያለ ጎረቤቱን በየቤቱ ዞሮ አሳመነ፤ ነዋሪው መስማማቱን በሚገልጸው ወረቀት ላይም መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነበር። ማሽኑ ሥራ የጀመረ ቀን እኛ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለን አጨበጨብን፤ ነጩ አቧራ ሲወርድብን አንዳችን የሌላችንን ፀጉር እያየን «አረጀሽ!» እየተባባልን ተሳሳቅን።

የመጀመሪያው በጋ ሳያልቅ የእንሰቱ ቅጠል ነጣ፤ እማዬ ጎመኑን ሦስት ጊዜ አጥባውም ጥርሳችን ሥር ኮሽ ይል ነበር። በሁለተኛው በጋ ታደለች ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው ተብሎ ዝንጅብልና ማር ተሰጣት። አንድ እሁድ ግን የጀመረችውን መዝሙር መጨረስ አቅቷት ቆመች፤ ጉባኤው ተቀብሎ ሲጨርስላት ንብረቱን እንደተነጠቀ ሰው ታየን ነበር። ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶ «ከአቧራው ካልራቀች ይሄ ብቻውን አያድናትም» አለ። ዲምቱ ዘመድ ቤት ስትላክ ይሻላታል፤ እማዬን ናፍቃ ስትመለስ ይብስባታል።

አባዬ እጄን ይዞ ወደ ማሽኑ ኃላፊ ሄደ።

«ልጄ መተንፈስ አቃታት። ቢያንስ ውሃ እየረጫችሁ ሥሩ» አለው።

ሰውዬው ፋይል አገላብጦ ወረቀቱን አወጣ። «ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም እንዴ፣ አባት?»

አባዬ እጄን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ።

ታደለች በሦስተኛው በጋ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። በቀብሯ ዕለት ማሽኑ አልቆመም፤ መዘምራኑ ከእሱ በላይ ለመሰማት ድምፃቸውን ሲያነሱ እነሱም እየሳሉ አቋረጡ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ምንም ወረቀት ላይ አልፈረመም፤ የእኔን የትምህርት ቤት ካርድ እንኳ በጣቷ የምታትምልኝ ማንበብ የማትችለው እማዬ ነበረች።

ዛሬ አባዬ የለም። ድንጋዩ ሲያልቅ ማሽኑ ወደ ሌላ ኮረብታ ሄደ፤ እማዬም ቤቱን ትታ እኔ ጋ ትኖራለች። የእህቴን መዝሙሮች ግጥም አንድም ሳላስቀር አውቃቸዋለሁ። ድምፅዋ ግን ጠፍቶብኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስትዘምር ልሰማት ስሞክር የሚመጣልኝ ሳሏ ብቻ ነው። በቀደም እማዬን፣ አንቺስ ትሰሚያታለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔም ሳሏን ነው፣ ልጄ» አለችኝ።