ያቀላሁት ፊት

ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ጀምሮ እንደ ቀለም ያንገበገበኝ ነገር የለም። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ ያየው ነገር እንዳለ ሄዶ ባነሩ ላይ የሚለጠፍ ይመስለዋል። ስክሪን ቀለሙን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ማተሚያ ግን ያለው አራት ቀለም ብቻ ነው፤ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚሉት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የተቀቀለ ጎመን ይሆናል። ይኸን ስንቱን ቁጭ አድርጌ አስረዳሁ! ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፉና "ገባኝ፤ ብቻ ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ" ይላሉ። ስክሪኔን ቀኑን ሙሉ የጣት አሻራ ስጠርግ ነው የምውለው።

ትልቅ ባነር የሚያትም ማሽን እኔ ዘንድ የለም። ፋይሉን አዘጋጅቼ ባሕር ዳር ላለ ማተሚያ ቤት እልካለሁ። ኢንተርኔት ካለ በቴሌግራም ይሄዳል፤ ከሌለ በፍላሽ ገልብጬ ለሚኒባስ ሾፌር እሰጣለሁ። የታተመው ተጠቅልሎ በማግስቱ በሌላ ሚኒባስ ይመጣል። ተበላሽቶ ከመጣ ያው መንገድ እንደገና ይጀመራል፤ ስድቡን ግን የምጠጣው እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚብሰው የሰው ፊት ነው። ማተሚያው ፊት ያጠቁራል፤ ስለዚህ ቀድሜ ማፍካት አለብኝ። በዚያ ላይ ከሙሽራ እስከ ተማሪ "ቀላ አድርጊኝ" ሳይል የሚወጣ የለም። ጠይም ሆኖ ከቤቴ የወጣ ሰው ትዝ አይለኝም። ኋላ ኋላማ መጠየቁም ቀረ፤ ስክሪኑ ላይ ፊት ሲከፈት እጄ ራሱ ሄዶ ያቀላል።

አምና ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ትምህርት ላይ የነበረች ሴት ልጃቸው ታማ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሙት ዓመቷ እሑድ ይወጣል። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

"ሌላ የለንም፤ ይኸው ነው" አሉኝ። "እናቷ ዓይኗ ደክሟል፤ በትንሹ አይታያትም። የዚያን ለት ልጇን በደንብ እንድታያት በትልቁ አውጪልን።"

ስካን አደረግሁት፤ ከጀርባዋ ያለውን መጋረጃ አጸዳሁ፤ ፊቷን እንደ ልማዴ አፈካሁ፤ ላክሁ። የመጣው ባነር ላይ የልጅቱ ፊት አመድ መስሏል። ስልክ አንስቼ የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ላይ የስድብ ናዳ አወረድሁበት። እሱም "እኅቴ፣ ፋይሉን በስክሪን ቀለም ነው የላክሽው። ወደ ማተሚያ ቀለም ሳትቀይሪው እኔ ምን ላድርግ?" አለኝ። እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ቀይሬ፣ አሁንም ይጠቁር ይሆናል ብዬ ትንሽ ጨምሬ አፍክቼ እንደገና ላክሁ። ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ ወለሉ ላይ ዘረጋሁትና ተነፈስሁ። ያማረ ሥራ ነበር።

አባትየው ገቡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ባነሩ ጫፍ ላይ ቆሙ፤ ብዙ አዩት።

"ቆንጆ ናት" አሉ። ቀጥለውም "የማን ልጅ ናት?" አሉኝ።

መጀመሪያ ዓይናቸው የደከመ መሰለኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ልጄን አትመስልም ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ደሜ ፈላ። ሁለት ጊዜ አሳትሜ፣ ከሾፌር ሾፌር ስለማመጥ ሰንብቼ!

"አባቴ፣ ያመጡልኝ ፎቶ እኮ ነው! ይኸው፣ ያስተያዩት!" ብዬ ጉርዱን ፎቶ ከመሳቢያ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁት።

"እሱንም ያመጣች ለት ይህች ማን ናት ብያት ነበር" አሉ በዝግታ። "ሳቀችብኝ። የከተማ ፎቶ እንዲህ ነው አባባ፣ አለችኝ። እኛ እንግዲህ ሌላ የለንም።"

የትኛው ፎቶ ቤት ነው እንዲህ ያበላሻት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፎቶውን ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ የኔው ቤት ማኅተም አለ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ መፈለግ ጀመርሁ። የፈተና ምዝገባ የነበረ ጊዜ እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ተሰልፎ የተነሳው እኔ ዘንድ ነው። የሁሉንም ፎቶ በአንድ ላይ ከፍቼ፣ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም አቅልቼ፣ በነበረው ላይ ነው ያስቀመጥሁት። አገኘኋት፤ እዚያም ቀልታ። ሌላ ማኅደር ከፈትሁ፤ አሮጌ ፍላሽ ሁሉ እያወጣሁ ሰካሁ። የለም። ዋናውን ለብቻ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። በራሴ እንዲህ የተናደድሁበት ቀን የለም፤ የማተሚያ ቤቱን ሰው ያንን ሁሉ መናገሬም ትዝ ሲለኝ አፈርሁ።

"አባቴ" አልኋቸው፤ "ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ያቀላኋትም እኔ ነኝ። የራሷ መልክ የለኝም። አጥፍቼዋለሁ።"

ቢሰድቡኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣሉና የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"እናቷ ቀይ ናት፤ እሷ በኔ ነው የወጣች። ላዩን ፀሐይ በልቶታል፤ ተይው። በውስጥ በኩል እዪ።"

በሩ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አቁሜ ክንዳቸውን ፎቶ አነሳሁ። ፊቷን ከዚያ ቀለም ጋር እያስተያየሁ ማጥቆር ያዝሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁትን እያፈረስሁ ማለት ነው። ስክሪኑን ግን አላመንሁትም። ፊቷን ከቀላው ወደ ጠይሙ በትንሽ በትንሹ እያጠቆርሁ ስድስት ጊዜ ደርድሬ፣ በየሥሩ ቁጥር ጽፌ፣ በቁራጭ ባነር ብቻ እንዲታተም በከሰዓት በኋላው ሚኒባስ ፍላሹን ላክሁ። ቅዳሜ ዋናው እንዲደርስ ዓርብ መወሰን ነበረብን። ለሾፌሩ ሦስት ጊዜ ደወልሁለት፤ ሦስተኛውን አላነሳም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ቁራጩ መጣ። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደጅ፣ ብርሃን ላይ ይዤላቸው ቆምሁ። ክንዳቸውን ገልብጠው ከመጀመሪያዋ ጎን አስጠጉ፤ አለፉ። ሁለተኛዋን አለፉ። እኔ በልቤ ሦስተኛዋን መርጬ ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው፣ አሁንም ቀላ ያለችዋን። ልናገር ስል ከንፈሬን ነከስሁ። ሦስተኛዋንም አለፏት።

አራተኛዋ ላይ ክንዳቸው ቆመ። አላነሱትም። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ፊቷ አቀረቡ።

"እንዴት ከረምሽ?" አሏት።