ያደረ ሁሉ ይቆጠራል

ያንን ትምህርት ሳዘጋጅ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በስደት አገር፣ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር፣ በምኖርበት የአፓርታማ ግቢ፣ ከኪራይ ቢሮው ጎን ባለው የጋራ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ፊደል መገልበጥ ስለሰለቻቸው፣ ስለ አንድ የህንድ ገጠር መንደር የሚናገር ገጽ ተርጉሜ አመጣሁላቸው። ስንት ቤት እንዳለው፣ በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ባቡር እንደማይደርስበት፣ አውቶቡስ ለመያዝም እስከ ጎረቤት መንደር በእግር እንደሚኬድ ይዘረዝራል። ሰንጠረዥ ማንበብ የቻለ ሰው ያላየውን መንደር ያውቃል አልኳቸው። ከዚያ የየቤታቸውን እንዲሠሩ አዘዝኩ፤ የአፓርታማ ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ መጓጓዣ። ሰዎቹንም እንዲስሉ።

አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ካውች ላይ የሚተኙትም ይቆጠራሉ?»

«በቤቱ ያደረ ሁሉ ይቆጠራል» አልኩ። ማስረዳት ስለምወድ ደገምኩት።

ዘጠኝ ሰው ሳለች።

«ቤታችሁ ሆቴል ነው እንዴ?» አለ ከኋላዋ ያለው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

«ሆቴል መኪና የለውም። እኛ አለን!»

መኪናዋ የአጎቷ ናት። ማለዳ ከቤቱ ሰዎች ሦስቱን ወደሚሠሩበት መጋዘን ታደርሳለች፤ ተመልሳ እናቷን አፐር አርሊንግተን የሚባል ሌላ ሰፈር፣ ተቀጥረው አንዲት አሮጊት ወደሚንከባከቡበት ቤት ትወስዳለች። ልጅቷ ሁሉንም በተራ ጽፋዋለች። ወረቀቶቹን በማስመሪያ እየለካሁ ለጠፍኩ፤ የእሷን መሐል ላይ፣ ከቢሮው በር ትይዩ።

እሁድ ከቸርች መልስ እናቷ በሬን አንኳኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽኝ? ሊዙ ላይ፣ በኪራይ ውሉ ያለነው እኔ፣ ባሌና ሦስቱ ልጆች ብቻ ነን!»

«እትዬ፣ በአማርኛ እኮ ነው የተጻፈው፤ የቢሮው ሰዎች አያነቡትም።»

«ዘጠኝ ሰው ተስሎ፣ የቤቴ ቁጥር ተጽፎበት? ቁጥር የማያነብ ማን አለ?»

ተያይዘን ወረድን። አዳራሹ ተቆልፏል። በመስታወቱ በኩል ዘጠኙ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይታያሉ። ወደ ቢሮው ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም።

«ድንጋይ ልወርውርበት?» አሉ።

«ካሜራ አለ፣ እትዬ።»

ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ። «ቢሮው የባሌን ወንድም ካስወጣው መኪናውም አብሮት ይወጣል። ባሌ እግሩን ካመመው ወዲህ አይነዳም፤ እኔ አልችልም። በአውቶቡስ ቀያይሬ እስክደርስ ያቺን አሮጊት ማን ከአልጋ ያነሳታል?»

እኔ የሰው ብዛትንና መጓጓዣን በሁለት ዓምድ ለይቼ ነበር ያስተማርኩት። እኚህ ሰዎች የተጠጋጉት በአንዲት መኪና ዙሪያ እንደሆነ ቀድሞ አልገባኝም ነበር።

ሰኞ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። የቢሮዋ ሴት ቁልፍ ይዛ መጣች። «ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው» አለች ፈገግ ብላ፤ «ቅዳሜ ከመውጣቴ በፊት ሁሉንም አየሁት።» አዳራሹን ስትከፍትልኝ ገብቼ የልጅቷን ወረቀት ገነጠልኩ። አራቱ እንግዶች ናቸው አልኳት። ወደ ቢሮዋ ገባች።

ረቡዕ ሊዙ ላይ የሌሉት እንዲወጡ የሚያዝ የቢሮው ደብዳቤ በራቸው ላይ ተለጠፈ። አርብ አጎትየው ሚስቱንና በቅርብ ከአገር ቤት የመጡትን ሁለት ወጣቶች ጭኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ መጣች። አዲስ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። መኪና፦ የለም። አውቶቡስ፦ በእግር ተሂዶ። የሰው ብዛት የሚለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ቲቸር፣ አረምኩት» አለች። «ግን እማዬ አውቶቡስ በሰዓቱ ስለማያደርሳት አሁን አሮጊቷ ቤት ነው የምታድረው። እኛ ጋ የምትመጣው እሁድ ብቻ ነው።»

እርሳሷን አነሳች።

«አምስት ልበል ወይስ አራት?»