ስሜን ያዋስኳት ገረድ

ባለፈው ሳምንት በስልኬ አንድ ድምፅ የሌለው የድሮ የሆሊውድ ፊልም ስመለከት፣ በር የምትከፍተውን ገረድ አወቅኋት። ያው ነጭ ሽርጥ፣ ያው ቀጭን አንገት። ፊልሙን በጣቴ አስቆምኩት።

ልጅ ሆኜ ደምበጫ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያሉ የድሮ ፊልሞች የሚታዩበት ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። ክፍሉ እርጥብ ጋቢና የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። ባለቤቱ ጋሼ አዳሙ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን እንደመጣለት ይተርክልናል። ለዋናዋ ተዋናይት በየፊልሙ ስም ያወጣላታል፤ በየፊልሙ በር ለምትከፍተው ለዚህችው ገረድ ግን አንድም ቀን አላወጣላትም። እኔም ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ስለነበርኩ፣ ዓይኔ ከእሷ ላይ አይነሳም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገረዷ ታማ ሞተች። ማንም ሳያለቅስላት ፊልሙ ወደ ሰርጉ አለፈ።

"ጋሼ፣ ማን ቀበራት?" አልኩ፣ እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ።

"አንቺ ቅበሪያት እንግዲህ!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ግን በማግስቱ ከቅዳሴ በፊት ጧፍ ይዤ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ።

"አባ፣ አንዲት ሰው ሞታብኛለች። ስሟን በጸሎት ይጥሩልኝ።"

"የክርስትና ስሟ ማን ነው፣ ልጄ?"

አላውቅም ለማለት አፈርኩ። የራሴን ሰጠኋቸው፦ ወለተ ማርያም። ጸሎቱ ላይ ከሙታኑ ስም መካከል ስሜን ሲጠሩት ጧፌን አበራሁ።

በሳምንቱ ሌላ ፊልም ተከፈተ። ገረዷ ደህና ሆና፣ ሰሃን ይዛ ገባች። አንድ ሰው በብዙ ፊልም እንደሚሠራ የነገረኝ አልነበረም። እሷ ተመልሳለች፤ በእሷ ፈንታ የምሄደው እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። እናቴ እየጎተተች እኚሁ አባ ዘንድ ስታደርሰኝ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ተናገርኩ። አልሳቁብኝም።

"ጸሎት ሰው ገድሎ አያውቅም፣ ልጄ። ከሁለታችሁ ለቸገራት ይደርሳል።"

ሰሞኑን ገረዷን ሆና ስለምትሠራው ተዋናይት ፈልጌ አነበብኩ። ዕድሜዋን ሙሉ በር ስትከፍትና ሰሃን ስታቀርብ ኖራለች፤ በአብዛኞቹ ፊልሞች ስሟ እንኳ አልተጻፈም። እኔ ጧፍ ባበራሁላት ጊዜ፣ ለካ ከሞተች ብዙ ዘመን አልፏት ነበር። ያኔ ያን ሁሉ ሰው ሆነን እናያት ነበር፤ ዛሬ ብቻዬን፣ በጣቴ አስቁሜ አያታለሁ።

አሁንም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከሙታን መካከል "ወለተ ማርያም" ሲባል፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገች ሴት አንገቷን ደፍታ አጠገቤ የቆመች ይመስለኛል። ዞር ብዬ አላይም። ትንሽ ጠጋ እልላታለሁ።