ዓሣው ሲመጣ ቆርቆሮው ሲሄድ

በፈረንጆች 2006 በጀርመንኛ ፍሉግሃፈን በሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጀመርኩ፤ ቶሎ የሚበላሽ ጭነት በሚራገፍበት ቀዝቃዛ አዳራሽ። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሄር (አቶ) ክራውስ መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ሰጠኝና ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ሙቀት እንድለካ አዘዘኝ። እኔ ሣጥኑን ዳሰስ አድርጌ «ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።

«ሣጥኑን ማን ጠየቀሽ? መርፌውን ዓሣው መሃል አስገቢና ከዚያ ንገሪኝ» አለኝ። በጣም አፈርኩ።

መጠየቅ እወዳለሁ። በየሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የአገር ስም አነብ ነበር፤ ብዙው ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ትንሽ ደሴት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ማሪ ከእነዚህ ደሴቶች የአንዷ፣ የሲሼልስ ልጅ ናት። የአገሯ ዓሣ ሲመጣ ሣጥኑን እንደ ዘመድ መታ መታ ታደርገው ነበር። በየሁለት ወሩ ደግሞ ለእናቷ ፓኬት ታሰናዳለች፦ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ብስኩት፣ ማርማላታ። በፕላስተር የማሽገው እኔ ነበርኩ። ልጅ ከውጭ የላከችው ነገር ለእናት ክብር መሆኑን ሐበሻ አይጠፋውም።

አንድ ቀን ማሪ ዓይኗ አብጦ መጣች። የእናቷ ስኳር በሽታ ብሶ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሏል፤ ሐኪሙ እግራቸው ሊቆረጥ ይችላል ብሏል። ማሪ እናቷ እንዲበረቱ ብላ የሚቀጥለውን ፓኬት ልታሳድገው ነው።

«ድሮ ምን ነበር የሚበሉት?» አልኳት።

«ዓሣ፣ የጓሮ ቅጠል፣ ከዛፍ የምንለቅመው የዳቦ ፍሬ።»

«አሁንስ?»

«ጠይቄያት አላውቅም።»

በእረፍት ሰዓት ለእናቷ ደወለች። የእናቷን መልስ እያለቀሰች ነገረችኝ፦ «ልጄ ደክማ የላከችልኝን ትቼ እንዴት ዓሣ እበላለሁ? ዓሣውንማ ለጎረቤት ነው የምሰጠው።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት የእኛ ነገር ነበር፤ እሷ ላኪ፣ እኔ አሻጊ።

በሚቀጥለው ፓኬት የገባው ለስላሳ ጫማ፣ ካልሲና አጭር ደብዳቤ ብቻ ነበር፦ «እማዬ፣ ዓሣውን አንቺ ብዪው። እኔን ደስ የሚለኝ እሱ ነው።»

ቁስሉ ለመዳን ብዙ ወራት ፈጀ። እናትየው አንድ የእግር ጣታቸውን አጡ፤ እግራቸው ግን ተረፈ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለአዳራሹ ጀማሪዎች የምለው ሄር ክራውስ ያለኝን ነው፦ ሣጥኑን ሳይሆን መሃሉን ለኩ። ለእናቱ ፓኬት ለሚያሽግ ደግሞ፦ መጀመሪያ ደውለህ ዛሬ ምን እንደበሉ ጠይቃቸው።