በእግሬ የሰጠሁት ሰላምታ

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ሚስት ሳላገባ ነው። ዘመኑ ቢርቅም ልጄን ሥራ ላይ ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያኔ እዚህ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ አጠገብ ጣሊያኖች የዱቄት መጋዘን ነበራቸው። እኔና ወልዴ የሚባል ባልንጀራዬ ጆንያዎቹን ከካሚዮን ላይ የምናወርደው በእጅ በሚዘወር ማንሻ ነበር። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ሆነን እጀታውን እንዘውራለን። የማንሻው ፍሬን ከተበላሸ ሰንብቷል። ስለዚህ ካቦያችን፣ ሽማግሌው ጣሊያን፣ ጠዋት ጠዋት ጣቱን ቀስሮ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «እጀታ የለም መልቀቅ። እናት ሞተ፣ የለም መልቀቅ» ይለን ነበር።

ሌላም ሕግ ነበረ። የጣሊያን መኮንን ሲያልፍ ሁሉም ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት አለበት። ያልሰጠ በጥፊ ይባላል፣ ከባሰም ይታሰራል። ሁለቱ ሕጎች አንድ ቀን ይጋጫሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አራት ጆንያ አንጠልጥለን ሳለ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ መኮንን በበሩ ገባ። ግቢው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ካቦውም ዘረጋ። ወልዴ ሆዬ እጀታውን ለቆ ዘረጋ። ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ቀረ።

መኮንኑ እጁን ያልዘረጋው እኔ ብቻ መሆኔን አየና እየተንጎራደደ መጥቶ ልክ ከጆንያዎቹ ሥር ቆመ። በአማርኛ «እጅ» አለኝ። ብታዘዝ እሱ መሞቱ ነው፤ ባልታዘዝ እኔ። እውነቱን ልናገርና ለአፍታ እጄን በላኝ። ግን እሱ ቢሞት ግቢው በሙሉ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ሲጨንቀኝ ቀኝ እግሬን ዘረጋሁለት።

ያሾፍኩበት መስሎት እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ካቦው ክንዱን እንደዘረጋ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ጮኸና በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ። መኮንኑ ቀና ሲል ከአንዱ ጆንያ ቀዳዳ የሚፈሰው ዱቄት ግንባሩ ላይ አረፈ። ወዲያው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ኮፍያውን ለመያዝ እጁን አነሳ። ግቢው ሰላምታ የሰጠ መስሎት እንደገና ዘረጋ። እጀታውን ገና መልሶ የያዘው ወልዴም ለቆ ዘረጋ።

ጆንያዎቹን እንዴት እንዳወረድኳቸው እግዜር ይወቀው። መኮንኑ ሸሚዙን እያራገፈ ለካቦው አንድ ነገር ተናግሮ ወጣ። እኔ እታሰራለሁ ብዬ ስጠብቅ የመጣው አዲስ ሕግ ነው፦ እጀታ የያዘ ሰው ሰላምታ አይሰጥም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ይሸሸው የነበረው እጀታ ተወዳጅ ሆነ። መኮንን ከሩቅ ሲታይ፣ ማንሻው ባዶ ቢሆንም እንኳ አሥር ሰው ተሯሩጦ ይጨብጠው ነበር።

ዛሬ ልጄ እዚሁ ኮልፌ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ምሳ ሳደርስለት ዕቃ አንስቶ ከሆነ በአገጩ ብቻ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን የመጋዘኑ ዘበኛ ይህን አይቶ፣ «አባባ፣ ልጅዎ እኮ እጁን እንኳ አያነሳልዎትም» አለኝ።

እንዳያነሳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ማታ በደህና ቤቱ ይገባል ማለት ነው።