የዳልቻው ጆሮ

ዳልቻው በሬ ገደል በገባ በሦስተኛው ቀን ስርጉት ከቢቸና ተነሥታ እትዬ ይርጋነሽ ደጅ ደረሰች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

ለበሬም ቢሆን እንዲያ ይባላል። ባሏ ለሞተባት ሴት ጥማድ በሬ የቤት ምሰሶ ነው።

«አሜን ልጄ። እግሩ ተሰብሮ ነፍሱ ሳትወጣ ታረደ። ጎረቤቱም ስጋውን ተከፋፍሎ አነሣልኝ።»

«ጆሮውስ?»

«የምን ጆሮ?»

ስርጉት ክው አለች።

ለካስ በሬውን ኢንሹራንስ ስታስገባው ለእትዬ ይርጋነሽ አልነገረቻትም ነበር! ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ምልክት ያለበት ጆሮ በሰባት ቀን ውስጥ ሲቀርብ ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን በምዝገባው ዕለት፣ ያ ዳልቻ በሬ እያመነዠከ ሲያያት፣ «ሲሞት ጆሮውን ቁረጡ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። በቁም ፍጥረት ፊት ሞቱን መጥራት ሟርት መሰላት፤ ዘለለችው።

ሟርተኛ መባል ለእሷ አዲስ አልነበረም። ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የኢንሹራንስ ሽያጭ ስትጀምር እናቷ፣ «ሰው ጨው ይሸጣል፣ እህል ይሸጣል። አንቺ ያልደረሰ መከራ ልትሸጪ ነው?» ብለው ነበር።

«መከራውንማ ማን ይገዛዋል፣ እመየ? እኔ የምሸጠው ማግሥቱን ነው» አለቻቸው።

ማግሥቱን ስትሸጥ ሦስት ጫማ ጨረሰች። የባጃጅ ሾፌሮች አሾፉባት፤ ባለሱቆች ነገ ነይ እያሉ አመላለሷት። ነገ ስትባል ነገ ትመጣለች። እንዲህ እያለች በዓመቷ ከቅርንጫፉ ወንዶች ሁሉ በለጠች። በዚህ ቀበሌ ግን የተመዘገቡት አራት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እትዬ ይርጋነሽን አምነው የተከተሉ። ሌላው፣ ይከፈላት እንደሆነ እንይ ብሎ ይጠብቃል። ጆሮው ከጠፋ እትዬ ይርጋነሽ ያለ በሬ፣ ስርጉትም ያለ ስም መቅረታቸው ነው።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ የጋሽ ባየ ድምፅ መጣ።

«ቀድሞም አላማረኝም! ሴቱ ጉትቻ ባጣበት አገር በሬ ጉትቻ ሲያደርግ!»

«ጋሽ ባየ፣ ቆዳውን ማን ገፈፈው?»

«እኔ ነኛ! ለሞጣ ቆዳ ነጋዴ ሸጥኩላት።»

«ከነጆሮው?»

«ከነጉትቻው!» ብሎ ሳቀ።

ስርጉት አልሳቀችም። ደብረ ወርቅን በሚኒባስ መስኮት ብቻ አይታ አለፈች። ሞጣ ስትደርስ ከመጋዘኑ ፊት አይሱዙ ቆሟል። ባለቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ፣ የመጣችበትን ሰምተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ፣ ከሰዓት ለባሕር ዳር ይጫናል። ስንቱን ልትገልጪ ነው? ሽታው ራሱ ይጥላል።»

«እስካሁን ያልጣለኝ ነገር ብዙ ነው፣ ሐጂ። እስኪጫን ድረስ ይፍቀዱልኝ።»

ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ገባች። በጨው ተነስንሶ የተከመረውን ቆዳ አንድ በአንድ ትገልጥ ጀመር። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ዥጉርጉሩ... ይህ ሁሉ አንገት ትናንት ቀንበር ተሸክሞ ነበር! ስንት ማሳ፣ ስንት ጤፍ እዚህ ተኝቷል! ልቧ በመደነቅና በሐዘን መካከል ዋለለ፤ እጇ ግን አላረፈም። ጨው የጣቶቿን ስንጥቅ ለበለበው። አይሱዙው ሞተሩን አስነሣ። አንድ ዳልቻ አገኘች፤ ጆሮ የለውም። ሌላ ዳልቻ፤ ባዶ ጆሮ።

ከግድግዳው ሥር፣ ተጠቅልሎ የቀረውን ስትዘረጋው በነጩ ጨው መካከል አደይ የፈካ መሰላት። ቢጫ! ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው። ያው ነው።

ሐጂ በገዛ ቢላቸው ጆሮውን ቆርጠው በጋዜጣ ጠቀለሉላት፤ ዋጋ አልጠየቁም። ከበሩ ላይ ግን አስቆሟት።

«እንዲያው... መጋዘን እሳት ቢነካውስ፣ ትከፍላላችሁ?»

«መጋዘን ጉትቻ አያሻውም፣ ሐጂ፤ ፊርማ ይበቃል። ሐሙስ እመለሳለሁ።»

ወር ሳይሞላ እትዬ ይርጋነሽ በክፍያው ቀይ በሬ ገዛች። በሬውን ወደ ቤት በነዳች ማግሥት ጋሽ ባየ ሁለት በሬዎቹን አስሮ ስርጉትን ጠበቃት። እሷም የጆሮ መብሻውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከዚያም መልሳ ዝቅ አደረገችው።

«መጀመሪያ የምነግርዎ አለ። ይህ በሬ ሲሞት...»

«ኧረ በሥላሴ! በቁም በሬ ፊት?»

«በቁም በሬ ፊት ነው የምናገረው፣ ጋሽ ባየ። ባለፈው አፍሬ ዝም ብዬ የእትዬን በሬ ጆሮ ከጨው ውስጥ ነው የለቀምኩት። ሲሞት መጀመሪያ ጆሮውን ይቁረጡ፤ ስጋውና ቆዳው ከዚያ ነው። እስኪ ይድገሙልኝ።»

ጋሽ ባየ አማተበ። በሬውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ቀንዱን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«መጀመሪያ ጆሮው» አለ ቀስ ብሎ፣ በሬው እንዳይሰማው የሰጋ ያህል። «በይ ብሺው፤ ይዤልሻለሁ።»